የአቤሴሎምን ፀጉር የቆረጠው ሰው

የልጆች ዕጣ ፈንታ በእኛ አገር የሚወሰነው ቡና ላይ ነው። አቦሉ ላይ ጤና ይጠያየቃል፤ ቶናው ላይ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ይነሣል፤ በረካው ላይ ልጆች ይመደባሉ። ይሄ ሐኪም ይወጣዋል። ያ ሒሳብ ይወዳል፣ ኢንጂነር ነው። ያቺ አፏ አይዘጋም፣ ጠበቃ ትሁን። ዝምተኛው ባንክ ይገባል። ድልድሉ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ትተርፋለች፤ ብዙ ጊዜ ስኒውን የምታነሣውና የምታጥበው እሷ ናት። ስለ እሷ ቤቱ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ከጥግ በኩል አንዲት አክስት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እሷማ ምንም ካልሆነ ፀጉር ትሠራለች» ይላሉ። «እሱስ እውነት ነው» ይባላል። ዕጣን ይጨመራል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

እኔ ግን ወደ ሌላ መሄድ አቃተኝ። ይቺ «ምንም ካልሆነ» ጥርስ መሀል እንደገባች የሥጋ ጅማት በምላሴ ብነካካት አልወጣ፣ በስንጥር ብጎረጉራት አልወጣ ብላ ከረመች። በእኛ ቤት ይህን ያሉት የገዛ አክስቴ ነበሩ፤ በሰዓቱ መልስ አልሰጠሁም። አንደኛ፣ አክስቴን እወዳቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ ቆሎው እሳቸው ዘንድ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፤ አክስቴ ያን ዕለት የመጡት ተተኩሰው ነው። ከካስክ ከወጣ ሰዓት ያልሞላው ፀጉር ነበር። ነጠላው ራሱ ግንባር ድረስ አልወረደም፤ ሥራው እንዲታይ ወደ ማጅራት ሸሸት ተደርጓል። ጠዋት ራሳቸውን ለአንዲት ልጅ እጅ አሳልፈው ሰጥተው የዋሉ ሴት፣ ከሰዓት መጥተው የልጅቷን ሥራ «ምንም ካልሆነ» ይሉታል።

እስቲ የአክስቴን ዕቅድ በቁም ነገር እንውሰደውና እናስላው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈትነው፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። 30 ሺህ የማይሞሉ ልጆች ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በየቤቱ የወረደውን ድንጋጤ የማያስታውስ የለም። አክስቴ ግን መፍትሔ አላቸው፤ ምንም ያልሆነላቸው ሁሉ ፀጉር ይሥሩ። ይሥሩ። የማንን? ያለፉትን ልጆች ፀጉር ነዋ! ሲካፈል ለአንድ አላፊ ራስ 29 ፀጉር ሠሪ ይደርሳል። አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች፣ አንዷ ቢጎዲን ትጠቀልላለች፣ አንዷ ቢጎዲን ታቀብላለች፣ አንዷ መስታወት ከኋላ ትይዛለች፣ አንዷ «ውይ ሲያምርብሽ!» ትላለች። የቀሩት 23 በር ላይ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ተሠሪዋ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ለ29 ሰው ጉርሻ ከየት ታመጣለች?

ወንዶቹን እንዳልረሳኋቸው ይታወቅልኝ። ለወንድ ልጅ «ምንም ካልሆነ» ብዙ በር አለው፤ ሹፌር ይሆናል፣ ደላላ ይሆናል፣ አጎቱ ሱቅ ይገባል። ለሴት ልጅ በሩ ሁለት ነው፤ ወይ ፀጉር፣ ወይ ዓረብ አገር። ዓረብ አገር የሄደችውም ቢሆን ተሳክቶላት ጥሪት ይዛ ስትመለስ፣ ብዙ ጊዜ የምትከፍተው ያንኑ ፀጉር ቤት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴን ስጠብቅ ፀጉር ቤት የመቀመጥ ልምድ አለኝ። በር አጠገብ ለባሎች የተተወች አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። «ጨርሻለሁ፣ ና» ማለት ገና ካስክ አልገባሁም ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ለመመልከት በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ሹሩባ የምትሠራዋ ልጅ መጀመሪያ አትሠራም፤ ታያለች። ፀጉሩን በጣቷ ከፋፍታ የራስ ቅሉን ቅርጽ ትዳስሳለች። ከዚያ በማበጠሪያው ጭራ ከግንባር ተነሥታ እስከ ማጅራት አንድ መሥመር ታወርዳለች፤ ማስመሪያ የለ፣ ምልክት የለ። ከመሥመሩ ወዲህ ያለውን ቀጭን ፀጉር በሦስት ከፍላ መጎንጎን ስትጀምር፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ከሥር ትንሽ ትንሽ ፀጉር በትንሿ ጣቷ እየለቀመች ትጨምራለች። ብዙ ከለቀመች ጉንጉኑ ያብጣል፤ ካሳነሰች ይሳሳል። ካጠበቀችው ግንባር ይወጥራል፤ ካላላችው ሳምንት ሳይሞላው ይፈታል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ ስልክ እያናገረች ራሷን በምትነቀንቅ ደንበኛ ላይ ነው። በግራ የሠራችው በቀኝ ከምትሠራው ጋር እኩል መውጣት አለበት፤ ቀኙ ግን ገና የለም፣ ያለው እሷ ሐሳብ ውስጥ ነው። ይሄ ጂኦሜትሪ ካልሆነ ምንድን ነው? ልጅቷ ፈተናው ላይ በሒሳብ ወድቃ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ወረቀት ላይ ስለነበረ ነዋ።

የሒሳብ ሠራተኛ ስሕተት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የእሷ ስሕተት ግን ታክሲ ተሳፍሮ ከተማውን ይዞራል።

ኬሚስትሪውንም ልጨምር። ፀጉር ከሚያለሰልሱት ክሬሞች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ማለት ነው። ይሄ ነገር ራስ ላይ ተቀብቶ ደቂቃ ይቆጠርለታል። ቶሎ ከታጠበ ፀጉሩ እንደነበረው ከርዳዳ ሆኖ ይቀርና ደንበኛዋ ገንዘቧን ትጠይቃለች። ከዘገየ ደግሞ ቆዳው ይላጣል። ውኃው የሄደው ልክ በዚህ መሀል ከሆነስ? ለዚህ ነው ጥሩ ፀጉር ቤት ውስጥ ጥግ ላይ የሞላ በርሜልና ጆግ የማይጠፋው፤ ላየው ሰው ቤቱን አስቀያሚ ያደርጋል፣ ለገባው ሰው ግን የድንገተኛ ክፍል ነው። ፀጉር በሙቀት ለሚያስተኙት ማከሚያዎች ደግሞ ጭሱ አለ፤ ከብዙዎቹ ፎርማልዲሃይድ ይወጣል። ደንበኛዋ ዓይኗን ጨፍና ለአንድ ከሰዓት ትችለዋለች። ሠሪዋ ግን በየቀኑ ቆማ ትስበዋለች፤ መስኮቱም ብርድ ይገባል ተብሎ ዝግ ነው።

ሕክምናም ይነካካዋል። ከማጅራት ከፍ ብሎ የተደበቀ ላሽ ካለ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ ባለቤቷ አታየውም፣ ባልም አያየውም። ፎረፎር ነው ቆረቆር የሚለውን መለየት አለባት። ለዓመታት ጠብቆ በተሠራ ሹሩባ ምክንያት የደንበኛዋ ግንባር ወደ ኋላ መሸሽ መጀመሩን አይታ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ክብሯን ሳትነካ «የኔ ቆንጆ፣ ለትንሽ ጊዜ እናሳርፈው» ማለት አለባት። ይህን ንግግር በደንብ የሚናገሩ ሐኪሞች ብዙ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ብነግራቸው «ታዲያ ጎበዝ ከሆነች ለምን አልተማረችም?» ይላሉ። ተምራለች! በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ገብታ፣ የብቃት ምዘና ተፈትና፣ ሲኦሲዋን ይዛ የወጣች ፀጉር ሠሪ ሞልታለች። ወረቀቷ መስታወቱ ጎን ተሰቅሏል፤ እየተሠሩ ሊያነቡት ይችሉ ነበር። ደግሞ ይገርማችኋል፣ የአክስቴ የገዛ ልጅ ሜሪላንድ ፀጉር ሠሪ ናት። እዚያ አገር በብዙ ግዛቶች ፈቃድ ለማግኘት ከ1,000 እስከ 1,500 ሰዓት መሠልጠን ግድ ነው፤ ልጅቷ ያንን ጨርሳ፣ ወንበር ተከራይታ፣ የሐበሻ ሙሽራ ሁሉ ስሟን ያውቃል። ስለ እሷ ሲጠየቁ አክስቴ ምን ይላሉ? «ቢዝነስ አላት።» ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ከነማበጠሪያዋ ለእንግዳ ሁሉ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ «ምንም ካልሆነ» የነበረው ሥራ አውሮፕላን ሲሳፈር ቢዝነስ ሆነ።

ግን አክስቴን ብቻ አልወቅስም። ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። እኔም ሥሩን ልፈልግ ብዬ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ፀጉር ብዙ ነው።

የንጉሥ ዳዊትን ልጅ አቤሴሎምን ውሰዱ። የራሱ ፀጉር ስለሚከብደው በየዓመቱ ይቆረጥ እንደነበር፣ ሲመዘንም በንጉሥ ሚዛን 200 ሰቅል ይሆን እንደነበር ተጽፏል። የሚያሰሉ ሰዎች ከ2 ኪሎ በላይ ነው ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ ቆምኩ። መቁረጡ ተጽፏል፣ ክብደቱ ተጽፏል፣ ሚዛኑ የማን እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል። ቆራጩስ? የሁለት ኪሎ ፀጉር ሥራ ቀላል አይደለም። ያን ዘመን ቶንዶስ የለም። መቀስ ይሁን ቢላ ይሁን፣ የልዑል ጆሮ አጠገብ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የንጉሥ ልጅ ጆሮ ቢደማ «ይቅርታ ጌታዬ» በሚል አይታለፍም። ደግሞ ከቆረጠ በኋላ ጠርጎ፣ ሰብስቦ፣ አንድ ዘለላ ሳይጎድል ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ የአምናው 200፣ የዘንድሮው 195 ይሆንና ፀጉር ሰረቅህ ይባላል። ታጥቦ ነው የሚመዘነው ሳይታጠብ? ቅቤ ነበረው? በቅቤ ከሆነ እኮ ሒሳቡ ይለያያል፤ የእኛ እናቶች ለበዓል የሚያኖሩትን ቅቤ ቢመዝኑት አቤሴሎም ራሱ ይደነግጥ ነበር። ይህን ሁሉ ኃላፊነት በየዓመቱ የተሸከመው ሰው ስሙ የለም። ልዑሉ በመጨረሻ ራሱ በዛፍ ተይዞ፣ እንደተንጠለጠለ ሲገደል፣ ያ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ዘንድሮ ቶሎ ና ብዬው ነበር» ሳይል አይቀርም።

ሶምሶን ደግሞ የባሰ ነው። ሁላችንም ደሊላ ላጨችው እያልን እንናገራለን። ቅዱሱ መጽሐፍ ግን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ሰው እንደጠራችና ሰባቱን ጉንጉን የላጨው የተጠራው ሰው እንደሆነ ነው የሚተርከው። እስቲ ያን ሰው አስቡት። ሥራ ላይ ነበር፣ ተጠራ፣ ምላጩን ይዞ መጣ። ደንበኛው ተኝቷል። ደንበኛው በአህያ መንጋጋ አንድ ሺህ ሰው የገደለ ነው። ሰባት ጉንጉን አለው፤ አምስተኛው ላይ ቢነቃስ? በፀጉር ሥራ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ድፍረት ካለ ንገሩኝ። የፍልስጥኤም መኳንንት ለደሊላ እያንዳንዳቸው 1,100 ብር እንደሚሰጧት ቃል ገብተውላታል፤ ይሄም በቁጥር ተጽፏል። ላጩ ስንት እንደተከፈለው ግን የለም። ዛሬ ፀጉር ቤት ውስጥ በፐርሰንት የምትሠራ ልጅ ይህን ታሪክ ብታነበው ወዲያው የሚገባት ይመስለኛል።

የራሳችን ታሪክም ከዚህ አይሻልም። ዐፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ የሣለ ሠዓሊ ብርቅ ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ እንግሊዞች ከንጉሡ ራስ ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ። ቁንዳላዎቹ ለንደን ባለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይተው መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሱ፤ የባህል ሚኒስትሯ ራሳቸው ሄደው ተረከቡ። 151 ዓመት ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ተከራክሬአለሁ። ማን ቆረጠው፣ ማን ወሰደው፣ ማን አስቀመጠው፣ ማን አስመለሰው ተባለ። ማን ሠራው የሚል ግን አልሰማሁም። ያ ሹሩባ እኮ በራሱ አልተጎነጎነም። ጦር ሠፈር ውስጥ፣ በዘመቻ መሀል፣ ንጉሠ ነገሥቱን «እባክዎ ቀና ይበሉ፣ አሁን ደግሞ ጎንበስ» የሚል ሰው ነበረ። ቴዎድሮስን ጎንበስ ማድረግ የቻለ ሌላ ማን አለ?

ቴዎድሮስ ራሳቸው ደግሞ የሥራ ስድብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ኮሶ ሸጠዋል ተብሎ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይዘልፏቸው ነበር። ከእሳቸው በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው በአዋጁ ውስጥ በየስድባቸው ተዘርዝረዋል። ፀጉር ሠሪዋ የለችም። ንጉሡን አልወቅስም፤ ለመሰደብ እንኳ ያልበቃ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ እሺ፣ እኛስ? የፋሲካን ዋዜማ ያየ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ልጅቷ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ቆማለች። እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማዋን አጥብቋል። ምሳዋን የበላችው ቆማ፣ በሁለት ጉርሻ፣ በቀለም በተበከለ እጅ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ካስክ ውስጥ ያለችው ሴት መብራቱን እሷ ያጠፋችው ይመስል ትጮኽባታለች። ጀኔሬተር ይነሣል፣ ሥራው ያልቃል፣ ሴትየዋ መስታወቱ ፊት ግራ ቀኝ ዞራ ፈገግ ካለች በኋላ ሒሳብ ሲነገራት ፈገግታው ይጠፋል። «ለዚህ? ይሄንንማ ቤቴም እሠራው ነበር።» ታዲያ ለምን አልሠራሽውም? ለበጉ የተጠየቅሽውን ከፍለሽ፣ ለዶሮው የተጠየቅሽውን ከፍለሽ፣ 50 ብር የምትከራከሪው እሷ ላይ ነው? ከአንቺ የምታንስ ስለመሰለሽ ነው ወይስ ስለደከማት መልስ እንደማትሰጥሽ አይተሽ? ዕድሜዋን ሳትጠይቂ «አንቺ፣ ውኃ አምጪ» ብለሽ የላክሻት ሴት፣ የልጅሽ ሠርግ ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቤትሽ ድረስ መጥታ ሙሽራዋን፣ ስምንት ሚዜዋንና አንቺን የሠራች እኮ ናት። በሠርጉ አልበም ውስጥ ሥራዋ የሌለበት ፎቶ የለም። እሷ ያለችበት ፎቶ ግን አንድም የለም።

ደግሞ ይሄ ንቀት ወጪ አለው፤ ወጪውን የምትከፍለው ልጅቷ ናት። ልጁ ባንክ ሲገባ ደመወዙ ስንት ነው፣ ትራንስፖርት አለው ወይ፣ ዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ነው ብሎ የሚመረምረው አጎት፣ ልጅቷ ፀጉር ቤት ስትገባ «ቤት ከምትቀመጥ ትዋል» ይላል። ትዋል የተባለች ልጅ ትውላለች። ለማጅ ተብላ ወራት ሙሉ የሰው ፀጉር ከወለል ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች፣ በጉርሻ ብቻ ትኖራለች፤ ማንም ቤተሰብ መጥቶ «ልጃችን ስንት ነው የሚከፈላት?» አይልም። ውል የለም፣ ጡረታ የለም፣ ከተባረረችም የሚጠየቅ የለም። ለምን? ምንም ካልሆነ የተገባበት ቤት ስለሆነ። እኛው ዋጋ ነፍገነው፣ መልሰን ደግሞ ዋጋ የሌለው ሥራ ነው እንላለን።

ተናደድኩ መሰለኝ። ውኃ ልጠጣ።

ፀጉር ሠሪ ሁሉ ጎበዝ ነው እንዳላልኩ ደግሞ ይታወቅ። «ሁለት ጣት ብቻ ይስተካከል» የተባለችውን ፀጉር ስንዝር ያህል የቀነሰችም አለች፤ የማን ሁለት ጣት እንደሆነ አስቀድሞ አለመስማማት የሚያመጣው ጣጣ ነው። ያን ሳምንት ቤታችን እንዴት እንደዋለ አልናገርም። ስልክ ላይ የአንዲት ተዋናይት ፎቶ አሳይታ «እንደዚህ አድርጊኝ» የምትል ደንበኛም ለልጅቷ ትልቅ ፈተና ናት፤ ፎቶው ላይ ያለው ፀጉር ግማሹ ሂውማን ሄር ነው፣ ቀሪው መብራት ነው። «እሺ የኔ ማር» ከማለት በስተቀር ምን ትበል?

እነሆ በዚህ ሁሉ መሀል ስኒ የምታነሣዋን ልጅ፣ የእህቴን ልጅ ማለቴ ነው፣ ማንም እንዳልጠየቃት ትዝ አለኝ። ማጀት ገብቼ «አንቺስ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። እጇ ሳሙና ነበር። ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ።

«ፀጉር መሥራት ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ምንም ካልሆነ አካውንቲንግ እማራለሁ።»

ልቤ በጣም ሞቀ። እንዲያውም ወዲያው ሄጄ ለራሴ ፀጉር አስተካካይ ልነግረው ቸኮልኩ፤ የሙያው ሰው ነውና ደስ ይለዋል ብዬ። እኔ እንኳ ከእግዜር በተረፈልኝ ጥቂት ፀጉር ለገበያው የማልረባ ደንበኛ ነኝ፤ ቢሆንም ሰውየው አንድም ቀን አሳንሶኝ አያውቅም፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ያበጥርልኛል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረልኝ፣ ነገሩን ከነአክስቴ ከነአቤሴሎም ተረኩለት። ቶንዶሱን አጥፍቶ ሰማኝ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ «ጋሼ፣ የእህትህን ልጅ ብትመክራት ይሻላል» አለኝ። «እኔ የራሴን ልጅ መቀስ እንዲነካ አልፈቅድለትም። ይማርልኝ። ወገቤን እኮ አታውቀውም። ባንክ ቤት የምታውቀው ሰው ካለ ንገርልኝ፤ ሒሳብ ጎበዝ ነው።»

መልስ ነበረኝ። ጥሩ ጥሩ መልስ ነበረኝ። ነገር ግን ይህን ሲለኝ ምላጩን ቀይሮ ማጅራቴን እያስተካከለ ስለነበር፣ እንደዚያ ባለ ሰዓት ክርክር አይመከርም። «እጠይቅልሃለሁ» አልኩት፤ የማውቀው ባንክ ሠራተኛ ግን የለኝም። ያለኝ አንድ የባንክ ጥበቃ ወዳጅ ነው፤ እሱም ሰሞኑን እህቱ ፀጉር ቤት ከፍታ ሥራው ስለደራላት ሒሳብ እንዲይዝላት ጠርታው ልቀቅ አልልቀቅ እያለ ነው።

በዓል ሲደርስ ፀጉር የምታሠሩ ካላችሁ ዋዜማውን አትጠብቁ፤ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ለጉርሻ የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። ሹሩባ እየተሠራችሁም ስልክ አታንሡ፤ መሥመሩ ይንጋደዳል።